ያልተዘጋው ጎማ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ድሬዳዋ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ የጥገና ሠራተኛ ነኝ። በምሽት ፈረቃ የወለል ማጠቢያው ጎማ ማንም ሳይጠቀምበት ሲፈስ ያድራል። አንድ ማታ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ደቅኜ ሰዓቴን ያዝሁ፤ በአንድ ደቂቃ ሞላ። ስምንት ሰዓት በሚፈጅ ፈረቃ 480 ጀሪካን ማለት ነው! ባለቤቴ ደግሞ በሰፈራችን በገንደ ቆሬ በሌሊት ተነስታ ቧንቧው መጣ አልመጣ እያለች ታዳምጣለች።

ድሬ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ ነው፤ ከተማውን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ እንደሆነ ጎርፍ ካልመጣ አሸዋ ነው። ሐረርም የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ከነበረበት ጊዜ ወዲህ ከእኛው ቆላ ጉድጓዶች ሽቅብ እየተገፋላት ትጠጣለች።

በጎማው ጫፍ ሲለቁት የሚዘጋ እጀታ፣ ለየክፍሉ ቆጣሪ ይበቃል ባይ ነኝ። የመጨረሻው እጥበት ውኃም እኮ ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው፤ በታንከር ተይዞ ለቀጣዩ ዙር የመጀመሪያ እጥበት ይሆናል። የማሽን ማቀዝቀዣው ውኃማ በርዶ መመለስ ሲችል ለምን ወደ ቦይ ይለቀቃል? ይህን ለአለቃዬ ብነግራቸው «የውኃ ሒሳብ ርካሽ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ማንም የማይዘጋው ለዚሁ ነው።

እስከዚያው ማታ ማታ እየዞርሁ የምዘጋው እኔ ነኝ።

አንድ የጥገና ሠራተኛ፣ ከድሬዳዋ