ፑልን ያዳከመው እገዳ ብቻ አይደለም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከዐሥርና ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት በአዲስ አበባ በየትኛውም ሰፈር ፑል ቤት ማግኘት አያስቸግርም ነበር። ዛሬ እኔ የማውቃቸው አብዛኞቹ ወይ ተዘግተዋል፣ ወይም ጠረጴዛውን ጥግ አስይዘው ቦታውን ለፕሌይ ስቴሽንና ለእግር ኳስ ማሳያ ለቅቀዋል። ጉዳዩ ሲነሣ ሰው ሁሉ ምክንያቱን ባጭሩ «መንግሥት ስለዘጋቸው ነው» ይላል። አባባሉ እውነት የለውም አልልም፤ በትምህርት ቤቶች አካባቢ ያሉ ፑል ቤቶች ከሺሻና ከጫት ቤቶች ጋር «አዋኪ ድርጊት» እየተባሉ በተደጋጋሚ ሲታሸጉ ኖረዋል። ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ በትምህርት ሰዓት ስቲክ ይዞ ይገኝ ስለነበር እርምጃውን አልቃወምም፤ ዛሬም ቢሆን ከትምህርት ቤት መራቃቸውን እደግፋለሁ። ነገር ግን ከትምህርት ቤት ርቀው፣ ፈቃድ አውጥተውና ግብር እየከፈሉ ይሠሩ የነበሩትም አብረው የከሰሙበትን ምክንያት እገዳው ብቻውን አያስረዳም።

በእኔ እምነት ፑልን ከሁሉ በላይ የጎዳው ጨዋታው እንደ ጨዋታ አለመያዙ ነው። በአብዛኞቹ ቤቶች «ተሸናፊ ይከፍላል» የሚለው ልማድ በራሱ ክፋት አልነበረውም፤ የአንድ ጌም ሒሳብ ማንንም አያደኸይም። ከጌሙ ዋጋ በላይ ገንዘብ ማስያዝ እየተለመደ ሲሄድ ግን ጀማሪ የሚማርበት ቦታ አጣ፤ ጎበዙ ብር ካላስያዘ ሰው ጋር መጫወት ሰለቸው፣ ጀማሪውም ከፍሎ ከመሸነፍ ቆሞ ማየትን መረጠ። በኋላ የስፖርት ውርርድ ቤቶች በየመንገዱ ሲከፈቱ፣ ለገንዘብ ብቻ ይመጣ የነበረው ሰው የእጅ ሙያ ወደማይጠይቀው ወደዚያ ሄደ። ጨዋታውን የሚወድደው ደግሞ ቀድሞ ርቆ ስለነበር ጠረጴዛው ተጫዋች አጣ።

የጠረጴዛዎቹ ይዞታም ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። ደኅና የፑል ጠረጴዛ ከጨርቁ ሥር የተስተካከለ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለው፤ ከባድና ውድ ነው፣ ግን አይጣመምም። በየሰፈሩ የምናየው ግን ባመዛኙ በእንጨት ወይም በቺፕውድ የተሠራ ስለሆነ፣ ጥቂት ክረምት ሲያልፍበት እርጥበት ይስብና መሐሉ ይሰረጉዳል፤ በቀስታ የተመታች ኳስ ኪሱ አፍ ልትደርስ ስትል ወደ ጎን ትታጠፋለች። ኳሶቹ በሚደረደሩበት ቦታ የተበላው ጨርቅ በፕላስተር ተለጥፏል፤ የጠርዙ ጎማ ደርቆ ኳስ አይመልስም፤ በስቲኩ ጫፍ ላይ ያለችው ቆዳ በማስቲሽ ተጣብቃ የቆየች ስለሆነች ነጯን ኳስ እንደታሰበው ለመምታት አያስችልም። እንዲህ ባለ ጠረጴዛ ላይ የሚያሸንፈው ጎበዙ ሳይሆን የጠረጴዛውን ጎድጓዳ ቦታ ያጠናው የሰፈሩ ልጅ ነው። ባለቤቶቹን ብቻ መውቀስ ግን ተገቢ አይደለም፤ ጨርቁም ኳሱም ከውጭ የሚመጡ በመሆናቸው፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ አንድ ጠረጴዛ ማደስ በጌም ሒሳብ የሚመለስ ወጪ አልሆነም። ከጣሊያን የወረስነው፣ ኳሱን በእጅ እየለቀቁ የሚጫወቱት ከረንቡላም ዕጣው ከዚህ የተለየ አይመስለኝም።

ጨዋታው በቴሌቪዥን ቢተላለፍ ኖሮ ይነሣ ነበር የሚሉ አሉ። የፑል የቅርብ ዘመድ የሆነው ስኑከር በብሪታንያ ያለፈበት መንገድ ይህንን አያሳይም፤ እ.ኤ.አ. በ1985 የዓለም ሻምፒዮና የፍጻሜ ጨዋታውን 18.5 ሚሊዮን ሕዝብ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ድረስ ነቅቶ ቢያየውም፣ በኋለኞቹ ዓመታት ብዙ የሰፈር ክለቦች ከመዘጋት አልዳኑም። በቻይና በአንጻሩ ዲንግ ጁንሁይ በ2005 የቻይና ኦፕንን በቤጂንግ ካሸነፈ በኋላ የተፈጠረው ፍቅር ታዳጊዎች በሚሠለጥኑባቸው ቦታዎች ስለታገዘ ትውልድ ተተካ፤ ዣኦ ሺንቶንግም በ2025 የዓለም ሻምፒዮን የሆነ የመጀመሪያው ቻይናዊ ለመሆን በቃ። ይኸው ተጫዋች ከዚያ ቀደም ከውርርድ ጋር በተያያዘ ጥፋት ለ20 ወራት ታግዶ እንደነበር መታወስ አለበት፤ ውርርድ በዚያ ደረጃ የሚጫወተውንም አይምርም። ወደ እኛ ቀረብ ስንል፣ በዩጋንዳ የፑል ክለቦች በአገር አቀፍ ሊግ ይወዳደራሉ። እዚያም ቢሆን ጠረጴዛው የሚገኘው ቡና ቤት ውስጥ ነው፤ ልዩነቱ ተጫዋቹ የሚለብሰው ማሊያና የሚጠብቀው የጨዋታ ቀን ያለው መሆኑ ነው።

እኛም ዘንድ ለመጀመር አዲስ ነገር መሥራት አያስፈልግም። በየወረዳው የወጣቶች ስብዕና ግንባታ ማዕከላት አሉ፤ በአንዳንዶቹም ውስጥ ፑልና ጆተኒ ይገኛሉ። እነዚህን ጠረጴዛዎች በደንብ ጠግኖ፣ ገንዘብ ማስያዝን በጥብቅ ከልክሎ፣ የየወረዳው አሸናፊዎች በክፍለ ከተማ ደረጃ የሚገናኙበትን ውድድር ማዘጋጀት ከስፖርት ጽሕፈት ቤቶች አቅም በላይ አይመስለኝም። የግል ፑል ቤቶችም ከሰዓት በፊት ያለውን ባዶ ሰዓት ለጀማሪዎች በቅናሽ ቢሰጡ ከኪሳራ ይልቅ ደንበኛ ያፈራሉ። ሴቶችን በሚመለከት ግን ቅናሽ ብቻ አይበቃም፤ ጉልበት የማይጠይቅ ጨዋታ ሆኖ ሳለ ሴት ልጅ ገብታ የምትጫወትበት ፑል ቤት እምብዛም የማይታየው ጭሱና ለከፋው ስላራቃት ነው። በዝግ የሕዝብ መገልገያ ቦታዎች ማጨስን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 እዚያ ቤት ውስጥም እንደሚሠራ ማስታወስ የባለቤቱ ግዴታ ነው፤ ለከፋውን ለማስቆም ደግሞ አዋጅ መጠበቅ የለበትም።

ጋዜጣችሁም የወረዳ ውድድሮች ሲጀመሩ፣ በስፖርት ገጹ ለእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ከሚሰጠው ሰፊ ቦታ ላይ ጥቂት መስመር ቀንሶ የአሸናፊዎቹን ስም እንዲያወጣ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ