እናት ያለችው ሕፃንስ?

ይድረስ ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፣

ደሴ ውስጥ በአንድ የመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ሰኞ ጠዋት የአራተኛ ክፍል ተማሪዎቼን ስም ስጠራ «አቤት» የማይሉኝ ሁልጊዜ እነዚያው ልጆች ናቸው፤ እኔ በስማቸው ትይዩ «ቀሪ» ብዬ ስጽፍ እነሱ ሰኞ ገበያ ፌስታል ይሸጣሉ፣ የገበያተኛ ዕቃ ይሸከማሉ። አንዷን በማግስቱ የት እንደዋለች ብጠይቃት፣ እናቷ ሰው ቤት ልብስ ልታጥብ ስለሄደች የስምንት ወር ወንድሟን አዝላ መዋሏን ነገረችኝ። ደብተሯን ብገልጠው ከፊት አማርኛ፣ ከኋላ ሒሳብ፣ መሐል ላይ ደግሞ አካባቢ ሳይንስ ተጽፎበታል፤ ሌላ ደብተር የላትም።

ይህች ልጅና ወንድሟ በየትኛው የድጋፍ መዝገብ ይገባሉ? ለከተማ ድሃ ቤተሰቦች ገንዘብ የሚሰጠው የመንግሥት ፕሮግራም፣ የከተማ ሴፍቲኔት፣ በ2009 ዓ.ም. ሲጀመር ደሴ ከመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች አንዷ ነበረች፤ ብዙ ጎረቤቶቼ በዚያ ገንዘብ ክፉ ቀን ሲያልፍላቸው አይቻለሁና ፕሮግራሙን ለመንቀፍ አልተነሣሁም። ነገር ግን ዋና መግቢያው ሁለት በር ነው። ጉልበት ያለው በአካባቢ ልማት ሠርቶ ይከፈለዋል፤ ጉልበት የሌለው፣ ማለትም አረጋዊ፣ አካል ጉዳተኛ ወይም ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው፣ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናት ለጊዜው ወደ ቀጥታ ድጋፍ እንድትዛወር መፈቀዱ መልካም ቢሆንም፣ ይህ የሚጠቅመው ቀድሞ ስሟ የተመዘገበላትን እናት ነው። የተማሪዬ እናት ተከራይ ናት፤ ከመጣችበት ወረዳ መልቀቂያ ስላላመጣች የቀበሌ መታወቂያ አላገኘችም፤ መታወቂያ ስለሌላትም በተረጂዎች ልየታ ላይ ስሟን የሚያነሣ የለም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን፣ አካል ጉዳተኞችንና ያለ ወላጅና ያለ አሳዳጊ የቀሩ ሕፃናትን እንዲረዳ ያዛል። እናቱ በሕይወት ያለች የድሃ ልጅ ግን ከወላጅ አልባውም ሆነ ከሠራተኛው ጋር ሳይቆጠር ይቀራል፤ እናት ስላለችው ብቻ እራቱን በልቶ የሚያድር ይመስል።

ስለዚህ የምጠይቀው፣ በወላጅ ጉልበት ሳይሆን በልጁ በራሱ ስም የሚመዘገብ ወርኃዊ የገንዘብ ድጋፍ እንዲታሰብ ነው። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ስትጀምር ትከፍል የነበረው ዕድሜያቸው ከ7 ዓመት በታች ለሆኑ የድሃ ቤተሰብ ልጆች በወር 100 ራንድ ብቻ ነበር፤ ኋላ የዕድሜው ጣሪያ እስከ 18 ዓመት ከፍ አለ፣ ክፍያውም በ2024 530 ራንድ ደረሰ። ገንዘቡን የሚቀበለው ልጁን በእጁ የሚያሳድገው ሰው ነው፤ አያትም ብትሆን ትቀበላለች። የእነሱ አቅም እንደሌለን አውቃለሁ፤ እኛም ከጨቅላዎቹ እንጀምር። የልደት ምዝገባ ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በመላ አገሪቱ እየተካሄደ ስለሆነ፣ የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት የእናቱን መታወቂያ ተክቶ መግቢያ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ግን መልቀቂያ የሌላት እናት ልጇን ልታስመዘግብ ስትሄድ ባዶ እጇን እንዳትመለስ ያስፈልጋል። ቤተሰብ በሴፍቲኔት ሦስት ዓመት ሠርቶ «ተመረቀ» ተብሎ ከድጋፉ ይወጣል፤ የሦስት ዓመት ሕፃን ግን ከምንም አልተመረቀም።

«ገንዘብ ከለመዱ ይሰንፋሉ» የሚሉ ሰዎች አሉ። ከቶሳ ተራራ በሚወርደው ብርድ እጇ እስኪቆስል የሰው ልብስ የምታጥብ ሴት ለልጇ በሚሰጣት ጥቂት ብር ሥራዋን አትተውም፤ ለጎረቤት ትንሽ ከፍላ ሕፃኑን ታስይዛለች፣ ልጅቱም ሰኞ ትምህርት ቤት ትመጣለች።

የከተማችን አስተዳደርና የክልሉ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ኃላፊዎች፣ በሚቀጥለው ልየታ እንደዚህ ያሉ ሕፃናት የሚቆጠሩበት አሠራር ይኖር እንደሆነ በዚሁ ጋዜጣ እንዲመልሱልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ መምህር፣ ከደሴ