አጭሩን ግዢ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ሌላው ሰላም ነው። መልሴ የዘገየው ኔትወርክ ጠፍቶ ነው፤ ረስቼሽ አይደለም።

ወደ ጥያቄሽ ልግባ፤ ለአጋዘን አደን አፈሙዙ አጭር የሆነውን ጠመንጃ ልግዛ ወይስ ረጅሙን ብለሻል። አጭሩን ግዢ። ባለ 20 ኢንቹን። ባለ 24ቱን ለሌላ ሰው ተዪለት። መልሱን ብቻ ከፈለግሽ እዚህ ላይ ማቆም ትችያለሽ፤ ግን አባትሽን ታውቂዋለሽ፣ የዕድሜውን እኩሌታ መሣሪያ ግምጃ ቤት ውስጥ ያሳለፈ ወታደር ስለ ጠመንጃ ተጠይቆ በሁለት መስመር አይለቅም።

ዶሮ ሲታረድ ጓሮ ትሸሸግ የነበረች ልጅ «ፔንስልቬንያ ጫካ ገብቼ አጋዘን ላድን ነው» ስትለኝ መጀመሪያ ሳቅሁ። እናትሽ አልሳቀችም። «ማን አስተማራት?» ብላ ወደ እኔ አፈጠጠች። እኔ ምን አደረግሁ? የሥራ ባልደረቦችሽ ናቸው ያስለመዱሽ። ለማንኛውም ከያዝሽው አይቀር በደንብ ያዢው። እዚህ የጠመንጃ ነገር ምን ላይ እንደደረሰ ታውቂያለሽ፣ እሱን አላነሣም። ስለ አደን ጠመንጃ ማውራቱ እንኳ እረፍት ሆኖልኛል።

«አባዬ፣ ረጅሙ ርቆ አይመታም ወይ?» ብለሽኛል። ይህን ጥያቄ ከጎጃም ይዘሽው ነው የሄድሽው። እኛ ጋ ረጅም ጠመንጃ ክብር ነው። በሰርጉም በጥምቀቱም ሰው ጋቢውን ደርቦ ረጅም ምንሽር ትከሻው ላይ ሲያደርግ ቁመቱ ራሱ ይጨምራል። ሳሎን የተሰቀለውን የአያትሽን ፎቶ አስቢው፤ ሰደፉ መሬት ረግጦ አፈሙዙ ትከሻው ጋ ይደርሳል። ያ ለዓይን ነው፣ ለፉከራ ነው። አንቺን ግን ጫካ ውስጥ የሚያይሽ ሰው የለም፤ አጋዘኑም ካየሽ ይሸሻል።

የጥንቶቹ የረዘሙት ያለ ምክንያት አልነበረም። ውጅግራን ውሰጂ። ፈረንሳዮች በእነሱ አቆጣጠር በ1874 ያወጡት ባለ 11 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ነው፤ አፈሙዙ ብቻ 82 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የሚሠራው በጥቁር ባሩድ ነበር፣ ጭሱ ተኳሹን ራሱን የሚሸፍነው ዓይነት። የዚያ ባሩድ ጉልበት አነስተኛ ስለሆነ ጥይቱን ለመግፋት ረጅም መንገድ ይፈልጋል። እግረኛውም ጫፉ ላይ ሳንጃ ሰክቶ ፈረሰኛ ላይ መድረስ ነበረበት። ደግሞ የኋላውና የፊቱ ማነጣጠሪያ በተራራቁ ቁጥር ዓይን ትንሿን መዛነፍ ቶሎ ያያታል። ዛሬ አንቺን ከነዚህ አንዱም አይመለከትሽም። ባሩዱ ተለውጧል፣ ሳንጃ አትሰኪም፣ የምትገዢው ደግሞ የማነጣጠሪያ መነጽር ያለው ነው፤ በመነጽር ለሚያነጣጥር ሰው የአፈሙዝ ርዝመት ለዓይኑ ምንም አይጨምርለትም።

ጣሊያን በ1928 ሲወረን ታጥቆት የመጣው ካርካኖም ያው ነው። ጥይቱ አንድ ሆኖ ቁመቱ ሁለት ዓይነት ነበር፤ የእግረኛው አፈሙዝ 78 ሴንቲ ሜትር፣ የፈረሰኛው ግን 45 ገደማ። ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ፣ በቁጥቋጦ መሀል የሚሽሎከለክ ሰው የቱን እንደሚመርጥ አንቺም አታጪውም። ክላሽስ ቢሆን? አፈሙዙ 41 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። አጭር ነው ብሎ የናቀው ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

አሁን ቁጥሩን ላሳይሽ። ጥይት አፈሙዝ ውስጥ እያለች የባሩዱ ጋዝ ከኋላ ይገፋታል። አፈሙዙ ሲያጥር የምትገፋበት መንገድ ያጥራል፣ ፍጥነቷም ይቀንሳል። ይህ እውነት ነው፣ ረጅሙ ፍጥነት ይጨምራል ያለሽ ሻጭም አልዋሸሽም። ጥያቄው ስንት ይቀንሳል ነው። አንቺ በመረጥሽው 308 ዊንቸስተር በሚባለው የጥይት ዓይነት፣ ወደ 10 ግራም የምትጠጋ ጥይት ከ24 ኢንች አፈሙዝ በሰከንድ 860 ሜትር ገደማ ይዛ ትወጣለች። አንድ ኢንች በቀነስሽ ቁጥር ከ6 እስከ 8 ሜትር ታጫለሽ። በአራት ኢንች 30 ሜትር ገደማ ሄደ እንበል፤ 830 ቀረሽ። ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ውስጥ ደግሞ አብዛኛው አጋዘን የሚመታው ከመቶ ሜትር በታች ሆኖ ነው። እዚያ ላይ 860 እና 830 ምን ልዩነት አላቸው? ምንም። ሁለት መቶ ሜትር ላይ እንኳ በጥይቷ አወራረድ ላይ የሚመጣው ልዩነት ሁለት ሴንቲ ሜትር አይሞላም፣ ልብና ሳምባው ያሉበት ቦታ ግን ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ስፋት አለው። አሜሪካኖቹ ራሳቸው 30-30 የሚሉት ጥይት በእነሱ አቆጣጠር ከ1895 ጀምሮ አለ። ፍጥነቱ በሰከንድ 700 ሜትር ገደማ ነው። ባለ 20 ኢንች ዊንቸስተር ጠመንጃ እያጎረሱ በሱ ስንት አጋዘን ሲጥሉ ኖረዋል!

ሌላው ሰዎች የሚያሳስቱሽ «አጭር አፈሙዝ ይስታል» እያሉ ነው። አይስትም። እንዲያውም ውፍረቱ እኩል ከሆነ አጭሩ ብረት ጠንካራ ነው፤ ሲተኮስ የሚርገበገበው በትንሹ ነው። የሚስተው ተኳሹ ነው።

ረጅሙ የሚያስፈልግበት ቦታ የለም አልልሽም። በስተ ምዕራብ ያሉት ክፍለ ሀገሮቻቸው ገላጣ ናቸው፣ እዚያ ሰው ከሦስት አራት መቶ ሜትር ይተኩሳል። 300 ዊንቸስተር ማግነም የመሰለውን ብዙ ባሩድ የሚጎርስ ጥይት ከሆነ ደግሞ 20 ኢንች ይጠበዋል፤ ያልተቃጠለው ባሩድ ከአፈሙዙ ውጭ እሳት ሆኖ ይወጣል። አንቺ ግን 308 ነው የያዝሽው፣ የምትሄጂውም ጫካ ነው። አለቀ።

የሃያ ኢንቹ ጥቅም የሚገባሽ ስትሸከሚው ነው። በሚዛን ብታስቀምጪያቸው ልዩነቱ መቶ ምናምን ግራም ነው፣ ይህን ያህል አይደለም። ግን ያ ክብደት ያለው ከፊት ጫፉ ላይ ነው፣ ክንድን የሚያደክመውም እሱ ነው። ረጅሙን ይዞ ቅርንጫፍ መሀል መግባት ሞፈር ተሸክሞ በጎጆ በር እንደ መግባት ነው። ዛፍ ላይ ማማ ሠርተው እንደሚጠብቁ ነግረሽኛል። አጋዘኑ አንቺ በጠበቅሽው በኩል አይመጣም፤ ከግራ ኋላሽ ነው ብቅ የሚለው። በዚያች ጠባብ ሰሌዳ ላይ ተቀምጠሽ፣ ወፍራም ካፖርት ለብሰሽ፣ ግንዱን ዞረሽ፣ ያሰረሽን ገመድ አልፈሽ ጠመንጃውን ማዞር አለብሽ። ብረቱ ቅርንጫፍ ነክቶ ቀጭ ካለ በቃ። ያ ነጭ ጅራት የሚሉት አጋዘን ጅራቱን ቀጥ አድርጎ ያነሣል፣ ከሥሩ ያለው ነጭ ቦግ ይላል፣ ከዚያ ወዲያ የምታዪው ቅጠሉ ሲወዛወዝ ነው። እዚያ ላይ ዐሥር ሴንቲ ሜትር ትልቅ ነገር ነው።

ማማውን ካነሣሁ አይቀር፣ ጠመንጃ ይዘሽ እንዳትወጪ። ጥይቱን አውጪ፣ መሣሪያውን ገመድ ላይ እሠሪ፣ አንቺ ወጥተሽ ቀበቶሽን ካሰርሽ በኋላ ሳቢው። ስትወርጂም እንደዚያው። የአፈሙዙን ቀዳዳ በረዶ ወይም ጭቃ እንዳይገባው በፕላስተር ሸፍኚው፤ ተደፍኖ ከተተኮሰ ብረቱ ሊፈነዳ ይችላል። ፕላስተሩ ራሱ ግን ችግር የለውም፣ በላዩ ላይ መተኮስ ይቻላል።

አሁን የአጭሩን መጥፎ ነገር ልንገርሽ፤ ድምፁ ነው። የአደን ጠመንጃ ሲተኮስ 160 ዴሲቤል ገደማ ይጮኻል፤ ከ140 በላይ የሆነ የተኩስ ድምፅ ደግሞ አንድ ጊዜም ቢሆን ጆሮን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል። አፈሙዝ ሲያጥር ጋዙ ገና ጉልበቱ ሳይበርድ ይወጣል፣ ያውም ለጆሮሽ ቀርቦ። ለምን የግራ ጆሮዬ ጭው እንደሚል ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ? በቀኝ ትከሻ የሚተኩስ ሰው ወደ አፈሙዙ የሚዞረው በግራ ጆሮው ነው። በኛ ጊዜ ጆሮ መሸፈን እንደ ፍርሃት ይታይ ነበር፣ ስለዚህ ከጓደኞቼ ብዙዎቹ ዛሬ ቲቪ የሚያዩት ሰፈሩን እያደነቆሩ ነው። በባትሪ የሚሠራ የጆሮ መሸፈኛ አለ፤ ትንሹን ድምፅ ያጎላል፣ ተኩሱ ሲመጣ ይዘጋል። የቅጠል ኮሽታ ትሰሚበታለሽ፣ ጆሮሽም ይተርፋል። ከጠመንጃው ዋጋ ላይ ቀንሰሽም ቢሆን እሱን ግዢ። ሻጩ ጫፉ ላይ የሚገጠም እርግጫ መቀነሻ ላግጥምልሽ ካለሽ እንቢ በይ፤ እርግጫውን ይቀንሳል፣ ጩኸቱን ግን ወደ ጎንና ወደ ኋላ ያመጣዋል። ቀለል ያለ መሣሪያ ትንሽ ጠንከር አድርጎ ይረግጣል፣ ለሱ ሰደፉ ላይ የላስቲክ ትራስ ይበቃል። የአደን መደበቂያ ድንኳን ውስጥ ሆነሽ የምትተኩሺ ከሆነ ደግሞ አፈሙዙ ከመስኮቱ ወጣ ማለቱን እዪ።

«አጭር ጥሩ ከሆነ ለምን 16 አልወስድም?» እንደምትይ አውቃለሁ፣ ነገር መምዘዝ ትወጃለሽ። በእነሱ አቆጣጠር በ1934 ያወጡት የፌዴራል ሕግ አላቸው። አፈሙዙ ከ16 ኢንች ያነሰ ወይም ጠቅላላ ቁመቱ ከ26 ኢንች ያነሰ ጠመንጃ ሳይመዘገብ መያዝ ወንጀል ነው። ልክ 16 ሆኖ የሚሸጠው ሕጋዊ ነው፣ ግን ለ308 ጩኸቱና እሳቱ ይበዛል። ዛሬ ብዙ ሰው ወደዚያ የሚወርደው ጫፉ ላይ ድምፅ መቀነሻ ስለሚገጥም ነው፤ እሱ በራሱ ቁመት ይጨምራል፣ ፈቃድም ይጠይቃል። ላንቺ ከ18 በታች አልመክርም። ረጅሙን በርካሽ ገዝቶ ማስቆረጥ የሚባለውንም ተዪው። እኛ አገር በብረት መጋዝ ገዝግዘው ያሳጠሩትን ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ጥይቷ ስትወጣ የመጨረሻ የምትነካው ያንን ጫፍ ነው። ዙሪያው እኩል ካልሆነ ጋዙ በአንድ ወገን ቀድሞ ያመልጥና ይገፋታል፤ ከዚያ በኋላ ፊት ለፊት ያለ ጎተራም አይመታም። በቶርኖ፣ በባለሙያ እጅ ከሆነ ይሠራል፣ ግን ለምን ትደክሚያለሽ፣ ተስተካክሎ የተሠራው እያለ።

ከአፈሙዙ እኩል የምፈልገው ሰደፉን እንድታዪ ነው። አብዛኛው የሚሠራው ለረጅም ወንድ ነው፣ አንቺ ደግሞ በእናትሽ ወጥተሻል። ሱቅ ውስጥ፣ ባዶ መሆኑን ራስሽ ከፍተሽ ካየሽ በኋላ፣ ክንድሽን በክርንሽ አጥፈሽ ሰደፉን እጥፋቱ ላይ አስደግፊው። ጣትሽ ቃታው ላይ ያለ ችግር ከደረሰ ልክሽ ነው። ከተንጠራራሽ ረዝሞብሻል። ይህን በክረምት ካፖርትሽ አድርጊው እንጂ በቲሸርት አይደለም፤ ካፖርቱ ራሱ ሁለት ሦስት ሴንቲ ይወስድብሻል።

የአደን ትምህርቱን መውሰድሽ ጥሩ ነው፣ ያለሱ የመጀመሪያ ፈቃድ አይሰጡሽም። ያንን የሚያንጸባርቅ ብርቱካናማ ልብስም አትናቂው። ከራስ፣ ከደረትና ከጀርባ ተደምሮ 250 ስኩዌር ኢንች መሆን አለበት ብለዋል አይደል? እንስሳው ያን ቀለም ሰው እንደሚያየው አያየውም፣ ሌላው ተኳሽ ግን ያየዋል። ከአጋዘኑ ጀርባ ምን እንዳለ ሳታዪ ጣትሽ ቃታ ውስጥ አይግባ። ጥይቷ አጋዘኑን አልፋ ትሄዳለች፣ አጭርም አፈሙዝ ቢሆን።

እናትሽ አንድ ጥያቄ አላት። አጋዘን ይበላል ወይ ብላ ነበር፤ ሰኮናው ስንጥቅ ነው፣ ያመሰኳል፣ ዋላም ከሚበሉት ተቆጥሯል ብዬ አሳመንኳት። ቀጥላ ደግሞ መቼ ነው አለችኝ። የጠመንጃው አደን የሚከፈተው ከታንክስጊቪንግ፣ ከምስጋና በዓላቸው፣ በኋላ ባለው ቅዳሜ ነው ካልሽኝ ያ እኮ ኅዳር 15 ከገባ በኋላ ነው፣ ጾመ ነቢያት! ስለዚህ ብትጥዪም አትቀምሺም። ሥጋውን ቆራርጠሽ ፍሪዘር አስገቢው፣ ለገና ይደርሳል።

ከገዛሽ በኋላ የጥይቱን ፓኬት ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። መነጽሩን በአንዱ ዓይነት ጥይት ካስተካከልሽ በዚያው ቀጥዪ፣ ሌላ ፋብሪካ የሠራው ሌላ ቦታ ሊመታብሽ ይችላል። ዋጋውንም ንገሪኝ። በኔ ስልክ ይሁን ግን፤ በእናትሽ ስልክ ከላክሽው ወደ ብር መንዝራ ለጎረቤቱ ሁሉ ታወራዋለች።

አባትሽ
ከደብረ ማርቆስ