ድንጋዩ መሠረት ውስጥ አይቀበር

ከፍራንክፈርት

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ። ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔና ልጄ፣ ከናፍቆትሽ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

ስለ አዲሱ ቤት ሥራ ታናሽ ወንድሜ ነግሮኝ ደስ ብሎኛል፤ የቆርቆሮውንም ዋጋ እልካለሁ። ነገር ግን ግንበኛው በደጃፋችን የቆመውን የአባቴን ድንጋይ አይቶ «ይህስ ለመሠረት ይሆናል» ማለቱን በሰማሁ ጊዜ ሌሊቱን እንቅልፍ ሳይወስደኝ አደረ።

በ1977 ዓ.ም. እህል ጠፍቶ ከላስታ ወደ ኮረም ስንሰደድ እኔ በአባቴ ትከሻ ላይ ነበርሁ፤ በጀርባሽ ያዘልሽው ወንድሜ ግን ከዚያ አልተመለሰም። ዝናቡ መጥቶ አገራችን በገባን ጊዜ አባቴ፣ ስንሄድ አሸዋ ብቻ ሆኖ ከነበረው ወንዝ፣ ውኃው ከሚወርድበት መካከል ያን ድንጋይ አውጥቶ፣ ጉልበቱ ገና አልጸናም ነበርና በየመንገዱ እያሳረፈ ተሸክሞ እንዳመጣው ስትነግሪኝ ነው ያደግሁት።

ባለፈው እሑድ ልጄ የላሊበላን ፎቶግራፍ ይዛ፣ በ11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት መካከል የሚያልፈው ወንዝ ለምን ዮርዳኖስ እንደተባለ ጠየቀችኝ። እኔም እስራኤል ዮርዳኖስን በደረቅ በተሻገሩ ጊዜ ካህናቱ ከቆሙበት ከወንዙ መካከል 12 ድንጋዮች ወጥተው፣ ኢያሱ በጌልገላ እንዳቆማቸው ተረክሁላት። እየተረክሁላት ሳለ አንድ ነገር አስተዋልሁ፤ ድንጋዮቹ የቆሙት ልጆች አይተው «ይህ ምንድን ነው?» ብለው እንዲጠይቁ፣ ወላጆችም የእግዚአብሔርን ሥራ እንዲመልሱላቸው ነው። መሠረት ውስጥ የገባ ድንጋይ ቤቱን ይሸከማል እንጂ ማንንም አያስጠይቅም።

ወንድሜ «ታሪኩ በልባችን አለ» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ሆኖም እርሱ የተወለደው ከዚያ በኋላ ነውና፣ ታሪኩን ያወቀው በልጅነቱ ድንጋዩ ላይ እየተቀመጠ አንቺን ሲጠይቅ ነው።

እማዬ፣ የሞተውን ልጅሽን ሳስብ ስለ እግዚአብሔር ታማኝነት መናገር የሚከብደኝ ቀን አለ። አባቴንም ይከብደው እንደነበር አውቃለሁ፤ ሙት ዓመቱ በደረሰ ቁጥር ድንጋዩ አጠገብ ቆሞ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ። ድንጋዩን ግን አላነሣውም። «የተረፍነው በእርሱ ነው፤ የቀረውም ከእርሱ ዘንድ ነው» ይል ነበር።

ስለዚህ ግንበኛውን ስለ እኔ ለምኚልኝ፤ ድንጋዩ ከአዲሱ ቤት በር በስተቀኝ ይቁም፣ ሲሚንቶም አይለሰን። ለመሠረት የሚሆነውን የሌላ ድንጋይ ዋጋ ከቆርቆሮው ጋር እልካለሁ። እግዚአብሔር ቢፈቅድ ለገና ልጄን ይዤ እመጣለሁ። ከደጃፉ እንደደረሰች መጠየቋ አይቀርምና፣ የሞተውን የወንድሜን ስም ጭምር አንቺ ንገሪያት፤ እኔ ስሙ ላይ ስደርስ ድምፄ ይቆረጥብኛል።

ናፋቂ ልጅሽ