የልጆቹ ክፍል ጣሪያ ከመስከረም በፊት ይመለስ፦ የድጋፍ ጥሪ

ለተከበራችሁ የሰፈራችን ነዋሪዎች፣ ለእድራችን አባላት፣ በውጭ አገር ላላችሁ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን፦

የሐምሌው ዝናብ የሰፈራችን ልጆች በቴሌቪዥን የሚማሩበትን ክፍል ጣሪያ እንዳፈረሰው ሰምታችኋል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሌሊት ስለነበር ሰው አልተጎዳም። ጎረቤቶች በዚያው ጨለማ ተሯሩጠው ቴሌቪዥኑን፣ ስፒከሩንና ስታቢላይዘሩን አትርፈዋል። አግዳሚ ወንበሮቹና የፊደል ገበታዎቹ ግን ተበላሽተዋል።

ወዲያው መዋጮ ጀመርን። መጀመሪያ ሞቅ አለ፣ ከዚያ ቀዘቀዘ። እስካሁን የተገኘው አጠናውንና ሞራሌውን ገዝቷል፤ ለቆርቆሮው አልበቃም። ኮሚቴው ደክሟል ብንል አንዋሽም። ቤት ለቤት ስንዞር «አሁንም መጣችሁ?» እየተባልን ነው። አዎ፣ አሁንም መጥተናል።

አንዳንዶቻችሁ «ለትምህርት አዋጥተን ልጆቹ ካርቱን ያያሉ» ብላችኋል። ቅሬታውን ስለምናከብር በዝርዝር እንመልስ።

ይህ ሥራ የተጀመረው በመጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች በኮሮና ከተዘጉ በኋላ እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። ትምህርቱ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሲሰጥ፣ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ልጅ ተከታተለ፤ የሌለው ልጅ መንገድ ላይ ዋለ። ያኔ እድሩ የድንኳንና የድስት ማስቀመጫውን ክፍል ለቀቀልን። የቀረው ሁሉ በእናንተ እጅ የመጣ ነው።

በክፍሉ ውስጥ ልጅ ዝም ብሎ ስክሪን ላይ አያፈጥም። የሚታየው አጭርና ለዕድሜው የተመረጠ ፕሮግራም ነው። አስተባባሪዋ መሃል ላይ ታቆመዋለች። «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» ትላለች። «ስንት ቀረ? ይህ ፊደል ማን ነው?» ትጠይቃለች። ልጆቹ ይጮኻሉ፣ ይቆጥራሉ፣ መዝሙሩን ይደግማሉ። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ይጠፋና ያዩትን በደብተር ይጽፋሉ። በማግስቱ ያንኑ ፕሮግራም ደግመን እናሳያለን፤ ትንሽ ልጅ የሚማረው በድግግሞሽ ነው። በመጀመሪያው ቀን ዝም ያለው ልጅ በሁለተኛው ቀድሞ ሲመልስ ማየት ነው እኛን እዚህ ያቆየን።

ይህን የፈጠርነው እኛ አይደለንም። ከመካከላችን ትልልቆቹ በጎረቤት ቤት ወለል ላይ ተደርድረን አባባ ተስፋዬን ያየን ነን። አንድ ሰው በተረት ብቻ ከአርባ ዓመት በላይ ስንቱን ልጅ እንዳሳደገ ለናንተ አይነገርም። ከእሳቸው በኋላ ደግሞ እዚሁ አገራችን «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም ባለታሪክ ፀሐይ መጣች። በአማርኛ የምታወራ፣ የአገራችንን ልጅ የምትመስል ትንሽ ቀጭኔ! በዓለም አቀፍ መድረክ ሳይቀር ተሸልማለች። በታንዛኒያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ «ኡቦንጎ» የተባለ ድርጅት ለአፍሪካ ልጆች የካርቱን ትምህርት ይሠራል። በዚያው አገር፣ ሞሮጎሮ ውስጥ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት፣ ድርጅቱ የሠራውን «አኪሊ» የተባለችውን ልጅ ፕሮግራም ለጥቂት ሳምንታት ያዩ ሕፃናት በቆጠራ፣ ቁጥርና ቅርፅ በመለየት ሌላ ፕሮግራም ካዩት በልጠው ተገኝተዋል። ካርቱን ነው፤ ግን ታስቦበት የተሠራ ካርቱን ነው።

ነገሩ ቅንጦት የሚመስለው ካለ ይህን ይስማ። የዓለም ባንክና ዩኒሴፍ ከአጋሮቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ሪፖርት ግምት፣ ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ከአሥር የአሥር ዓመት ልጆች ዘጠኙ ያህል ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም። እነዚህ ልጆች ሩቅ አይደሉም። የእኛው ናቸው።

አሁን ስለ ገንዘቡ። «ቴሌቪዥን ከመግዛት ለምን መጀመሪያ ጣሪያው አልታደሰም?» ተብለናል። ከመጀመራችን በፊት አናጺ አይቶት ማገሩ ደህና ነው ብሎ ነበር። የሐምሌው ዝናብ ደግሞ እንዴት እንደወረደ ሁላችሁም አይታችኋል። ስታቢላይዘር የገዛነው መብራት ሄዶ ሲመጣ ቴሌቪዥኑ እንዳይቃጠል ነው፤ እስካሁንም ይሠራል። ለአስተባባሪዎቹ የተሰጠው የትራንስፖርት ብቻ ነው። ደመወዝ የሚበላ የኮሚቴ አባል የለም። ደረሰኙ በሙሉ በእድሩ ጸሐፊ እጅ አለ፤ የሚፈልግ መጥቶ ይይ።

የጎደለው ክዳን ቆርቆሮ፣ ሚስማርና የአናጺው የእጅ ዋጋ ነው። አናጺው ከቡሄ በኋላ እንደሚጀምር ቃል ሰጥቶናል። ቆርቆሮ ካልቀረበለት ግን ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል፤ ልንፈርድበትም አንችልም። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ አንድ ቆርቆሮ ይቻል። ያልቻለ ከጎረቤቱ ጋር ተዳብሎ ይግዛ። ገንዘብ የሌለው ጉልበቱን ያምጣ፤ የሚነሳ ፍርስራሽ ብዙ ነው። ለቤተ ክርስቲያንም ለመስጊድም ጣሪያ አብረን ያዋጣን ሰዎች ነን። ምጽዋትም ሰደቃም ለልጅ ሲሆን በረከቱ ይበዛል።

እባካችሁ ይህን ልብ በሉ፦ ገቢ የሚደረገው በንግድ ባንክ በሦስት የኮሚቴ አባላት ስም በተከፈተው የጋራ ሒሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩን ከእድሩ ጸሐፊ ወይም ከገንዘብ ያዧ በአካል ውሰዱ። በቴሌብር የምትልኩም ወደዚሁ የባንክ ሒሳብ አስተላልፉ። በግለሰብ ስልክ ቁጥር አንቀበልም። በኮሚቴው ስም ቁጥር ልኮ «እዚህ አስገቡ» የሚል ካለ እኛ አይደለንም። በውጭ ያላችሁም ከመላካችሁ በፊት ለቤተሰቦቻችሁ ደውላችሁ ቁጥሩን አረጋግጡ።

ቆርቆሮ በዓይነት የምታመጡ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እድሩ ግቢ አስረክቡ፤ ገንዘብ ያዧ እዚያው ደረሰኝ ትቆርጣለች። በድጋሚ፦ ንግድ ባንክ፣ በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀሰው የጋራ ሒሳብ፣ ቁጥሩ ከጸሐፊው ወይም ከገንዘብ ያዧ ብቻ። ያስገባችሁበትን ደረሰኝ ደግሞ አሳዩን፤ ስማችሁን መዝገብ ላይ እናሰፍራለን።

ኮሚቴው