ራማን የመድረክ ጭፈራ ብቻ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ሕንዱ ራማን በዓል በባህል ዓምዳችሁ የወጣውን ጽሑፍ አንብበናል። ርዕሱን ማንሳታችሁ ደግ ነው፤ «የራማያና ቲያትር» (ስለ ልዑል ራማ የሚተርከው ጥንታዊ የሕንድ ግጥም ቲያትር) ብሎ መደምደሙ ግን ሊታረም ይገባል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2009 የመዘገበው የሳሉር ዱንግራ መንደሮች ራማን በሕንድ ኡታራካንድ ግዛት፣ በእኛ ሚያዝያ አጋማሽ ግድም የሚከበር ሲሆን፣ ባለቤቱ ራማ ሳይሆን ቡሚያል ዴቭታ የተባለው የመንደሩ ጠባቂ አምላክ ነው። አምላኩን ዓመቱን ሙሉ በቤቱ የሚያስቀምጥ ቤተሰብ ይመረጣል፤ ያ ቤተሰብም የዕለት ኑሮውን በጥብቅ ሥርዓት ይመራል።

የራማ ታሪክ የበዓሉ አንድ ክፍል ነው። ባለቅኔው ቫልሚኪ የደረሰው ራማያና 24 ሺህ ያህል ጥንድ ስንኝ ስላለው መንደርተኛው እየመረጠ ይጫወተዋል። ከዚያ ወዲያ ነብር የመጣባቸው የጎሽ አርቢዎች፣ ሽፍታ የዘረፋቸው ነጋዴ ባልና ሚስት፣ ከኔፓል ተዋጊዎች ከጉርካዎች ጋር የተደረገው ውጊያም አለ። ኩሩ ጆጊ የሚሉት ገጸ ባሕርይ ደግሞ እንደ ጭጎጎት ልብስ ላይ የሚጣበቅ አረም ከማሳ ለቅሞ፣ ገላው ላይ ለጥፎ ብቅ ይላል። አረም ነቀላን እንዲህ በጨዋታ የሚያስታውስ በዓል ማን አይቶ ያውቃል!

የጅማ ትምህርት ቤቶች ለባህል ቀን በግማሽ ሰዓት ያቅርቡት ለተባለው፣ ይሞክሩት እንላለን። ግን እንደ በዓሉ ጨፋሪዎች የእንጨት ጭምብል የለበሰ ተማሪ እንዲናገር አይደረግ፤ እንጨት ድምፅ ያፍናል፣ ከኋላ የተቀመጠ ሰው አንድ ቃል አይሰማም። በመንደሩም ታሪኩን የሚያዜሙት ዘፋኞቹ ናቸው፤ ጨፋሪው በእግሩና በእጁ ይከተላል። ለጭምብሉ ቀለል ያለውን ዋንዛ ምረጡ። የዓይን ቀዳዳው በየለባሹ ዓይን ልክ ይለካ፤ ግንባሩ ላይ ጨርቅ ካልተደረገበት በላብ ተንሸራቶ ዓይን ይጋርዳል። ጭምብል የለበሰ ሰው እግሩ ሥር ያለውን ስለማያይ፣ እርምጃውን ያለ ጭምብል በደንብ ካልለመደ ከጎኑ ካለው ጋር ይጋጫል። በቴፕ ሙዚቃ ማስጨፈርም አይሆንም፤ ጨፋሪ ሲዘገይ ከበሮ መቺ ምቱን ደግሞ ይጠብቀዋል፣ ቴፕ ግን ጥሎት ይሄዳል። በመንደሩ ለፊት ቅብ የሚጠቀሙበት ማር፣ የስንዴ ዱቄት፣ ዘይት፣ እርድ፣ ጥላሸትና የበግ ጸጉር ሁሉ ከሂርማታ ገበያ አይጠፋም።

ጽሑፉ ያለፈው አንድ ነገር አለ። ሥራው የተከፋፈለው በዘር ሐረግ ነው፤ ጸሎቱን ከካህናቱ መደብ የሆኑት ብራህማኖች ይመራሉ፣ ከበሮውን የሚመቱት ግን ከዝቅተኛ መደብ የሚቆጠሩ ናቸው። ያለ እነሱ በዓሉ አይጀመርም። ሸክላ ሠሪውንና ቆዳ ፋቂውን ስናገል ለኖርነው ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም፤ መጻፍ ነበረበት።

ግማሽ ሰው፣ ግማሽ አንበሳ የሆነውን የሂንዱ አምላክ የናራሲምሃን ጭምብል በተመለከተ፣ በመንደሩ የሚለብሱት ከክሻትሪያ (ከጦረኞች) መደብ የሆኑት ባንዳሪዎች ብቻ ስለሆኑ ተማሪዎቹ ይተዉት። የጎሽ አርቢዎቹና የነጋዴዎቹ ጨዋታ ለግማሽ ሰዓት ይበቃል።

አክባሪዎቻችሁ፣
የባህል ዓምድ ተከታታዮች፣ ከጅማ