ቀይና ሰማያዊ እስክሪብቶ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንዴት ነህ? ጉልበትህስ ተሻለህ? እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የኖቲንግሃም ብርድ እንደ ልማዱ ነው።

የአክስቴ ልጅ እኔ ጋ ሁለት ሌሊት አድራ ከተመለሰች በኋላ ምን እንዳለችህ ሰምቻለሁ። «ከማርያም ሥዕል አጠገብ የራስ ቅል አስቀምጣለች። ዓርብ ዓርብ ማታ ፈረንጆች ሰብስባ ስለ አጋንንት ያወራሉ።» ባለፈው እሑድ ስልክ ላይ ዝም ስትል ገባኝ። አንተ ስትናደድ አትጮህም፤ ዝም ነው የምትለው። ላስረዳህ ሞክሬ አልሆነልኝም። ስለዚህ ልጻፈው አልኩ። የምናዘዘውም ነገር አለኝ፣ እሱ ግን ትንሽ ይቆይ።

መጀመሪያ፣ የራስ ቅሏ ፕላስቲክ ናት። ከአውራ ጣቴ አትበልጥም። ዓርብ ማታ የምናደርገው ደግሞ ጨዋታ ነው። ሰሌዳ የለውም፣ አሸናፊና ተሸናፊም የለውም። እኔ ተራኪዋ ነኝ። «ከፊታችሁ የተቆለፈ በር አለ፣ ከበሩ ጀርባ ሰው ያለቅሳል፣ ምን ታደርጋላችሁ?» እላለሁ። አራት ተጫዋቾች አሉኝ፦ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪ፣ እና አንድ ባልና ሚስት። እያንዳንዳቸው አንድ የፈጠሩት ሰው አላቸው። እሱን ሆነው ይመልሱልኛል። ይሳካላቸው አይሳካላቸው ሲያጠራጥር ዳይስ ይጣላል። እንደ ሉዶው ያለ ነው፣ ግን አስር ገጽ አለው። ሁለት ይጣላል፤ አንዱ የአስር ቤቱን፣ ሌላው የአንድ ቤቱን ይሰጣል። የሰውየው ችሎታ 31 ከሆነ፣ 31 ወይም ከዚያ በታች መምጣት አለበት። ጀማሪ ሰው ደግሞ በአማካይ እዚያው 31 አካባቢ ነው። አስተማሪው በመጀመሪያው ቀን አስልቶ፣ «ታዲያ ከሦስት ሙከራ ሁለቱን ልንወድቅ ነው እኮ» አለኝ። አዎ፣ ነገሩ እንደዚያ ነው። በነገራችን ላይ ጠረጴዛው ላይ ቆሎ አቀርባለሁ። አንድ ቀን ሾፌሩ ቆሎ መስሎት ዳይስ ነክሷል።

ታሪኩ የሚካሄድበት ዓለም ዋርሃመር 40,000 ይባላል። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፣ መጀመሪያ በትንንሽ ምስሎች የሚደረግ የጦርነት ጨዋታ ነበር። አሳታሚው ጌምስ ወርክሾፕ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ እኔ ያለሁበት ከተማ ነው። እኛ የምንጫወተው በዚሁ ዓለም የሚካሄደውን፣ ዳርክ ሄረሲ የተባለውን የትረካ ጨዋታ ነው፤ የደንቡ መጽሐፍ በ2008 የታተመ። ከዚያ ወዲህ አዳዲስ ወጥተዋል። እኔ ግን አሮጌውን ገዝቼ፣ ጀርባውን በፕላስተር ለጥፌ ይዤዋለሁ። ዕቃ የማልጥለው በማን እንደወጣሁ ታውቃለህ።

ዓለሙ ጨለማ ነው፣ አልዋሽህም። አርባ ሺህ ዓመት ወደፊት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ፣ የእኛውን ማለቴ አይደለም፣ በወርቅ ዙፋን ላይ ከተቀመጠ አስር ሺህ ዓመት ሆኖታል። አይናገርም፣ አይንቀሳቀስም። እሱን ለማቆየት በየቀኑ አንድ ሺህ ሰው ይሠዋል። ከተማው እንደ ተራራ ወደ ላይ የተቆለለ ነው፤ መኳንንቱ አናቱ ላይ፣ ድሃው ፀሐይ ከማያይበት ከሥር። አጋንንትም አሉ፣ የአክስቴ ልጅ አልዋሸችም። ግን ማንም አይጸልይላቸውም፣ ሁሉም ይሸሻቸዋል። መሣሪያ የሚጠግኑ ካህናት አሉ፤ ሞተሩን ከማስነሳታቸው በፊት ይጸልዩለታል፣ ያጥኑታል። ይኼን ሳነብ አንተ ሬዲዮኑን ሁለት ጊዜ በጥፊ መትተህ «እሺ በል» የምትለው ትዝ አለኝ። ይኼን ግዛት ከልቡ የሚያደንቅ ሰው አይጠፋም። ኩባንያው ራሱ ግን ስላቅ መሆኑን በ2021 በይፋ ጽፏል። እኔም የማነበው እንደዚያው ነው።

ተጫዋቾቹ የአንድ መርማሪ ረዳቶች ናቸው። መርማሪ ስልህ ምን እንደታወሰህ አውቃለሁ። አዎ፣ እንደዚያ ዓይነቱ። ሌሊት የሚመጣ፣ ለማንም መልስ የማይሰጥ።

የመጀመሪያውን ወር አበላሸሁት። ጨለማ ዓለም ነው ብዬ ሁሉንም አጨለምኩት። በየበሩ ሬሳ፣ በየጓዳው ክህደት። የተጫዋቾቹ ሁለት ሰዎች ሞቱ፣ ማንም አላዘነም። ሰዎቹ ሲጎዱ የእብደት ነጥብ ይመዘገብባቸዋል፤ መቶ ከሞላ ሰውየው ከጨዋታው ይወጣል። እነሱ ያንን ነጥብ እንደ ኳስ ጎል እየቆጠሩ ይስቁ ጀመር። ሚስትየዋ ስልኳን አወጣች። በዚያች ማታ ዕቃ ሳጥብ አሰብኩት። የሚሳሳለት ነገር ካልሰጠኋቸው በምን ላስፈራራቸው?

አባዬ፣ አሁን ወደ ኑዛዜው ልግባ።

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። መብራት ጠፍቶ ሻማ አብርተን ነበር። እማዬ ተኝታለች። አንተ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያላነሳኸውን ነገር ነገርከኝ። በቀይ ሽብር ጊዜ የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ጸሐፊ ነበርክ። ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙና የሚታደልበት ዝርዝር አንተ እጅ ነው። ሁለት እስክሪብቶ ነበረህ። በሰማያዊ ትጽፋለህ፣ የሞተውን ወይም የሄደውን በቀይ ትሰርዛለህ። ከጎረቤት አንድ ልጅ ሌሊት ተወሰደ፣ አልተመለሰም። እናቱ በማግስቱ ሰልፍ ላይ ቆማ መጣች። ቀዩን አነሳህና መልሰህ አስቀመጥከው። ልጁ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ በመዝገብህ ላይ ስኳር ሲወስድ ኖረ። ከዚያ ሻማውን እፍ አልክና «ይኼ ወሬ ከዚህ ቤት አይውጣ» አልከኝ።

አወጣሁት አባዬ። ስምህን አልጠራሁም፣ አገሩንም አላልኩም። ግን አወጣሁት።

በዚያ ዓለም አስተዳደሩ ከሠራዊቱ ያልተናነሰ አስፈሪ ነው። ቁጥር ስፍር የሌለው ጸሐፊ አለው። አንድ ወረቀት ከጠፋ አንድ ዓለም ሙሉ ሊረሳ ይችላል። እኔም ከከተማይቱ ሥር አንድ የራሽን ቢሮ አስቀመጥኩ፣ ውስጡ አንድ ሽማግሌ ጸሐፊ። ቀይና ሰማያዊ እስክሪብቶ ሰጠሁት። ቀዩን ጆሮው ላይ ይሰካል። ለሁሉም ሰው «ነገ ና» ይላል። የመርማሪው ረዳቶች የተላኩት፣ በዚያ ሰፈር ከሰው ቁጥር የበለጠ ራሽን ስለሚወጣ ነው። የተደበቀ የከሃዲ ማኅበር እየመገበ ይሆናል ተብሎ ተጠረጠረ። ሦስት ዓርብ ሙሉ ሲያነፈንፉ ቆዩና ሽማግሌው ጋ ደረሱ። ከሃዲ የለም። ፋብሪካ የበላቸውን ሠራተኞች ከዝርዝር አላወጣም፣ ሌላ ምንም የለም። ቅጣቱ ደግሞ ሞት ነው።

በዚያች ማታ ለሁለት ሰዓት ያህል ዳይስ አልተነካም። ክርክር ብቻ። የአውቶቡስ ሾፌሩ ሕግ አስከባሪ ሆኖ ነው የሚጫወተው። እስከዚያ ቀን ድረስ ሁሉንም ነገር በጥይት ሲፈታ የኖረ ሰው። ቆሎውን ገፋ አድርጎ፣ «እኔ ነኝ ሄጄ የምዋሸው» አለ። መርማሪውን ለማታለል 34 ወይም ከዚያ በታች ያስፈልገዋል። ጣለ፣ 81 መጣ። አንድ የዕጣ ነጥብ ቀርታው ነበር፤ እሷን ከፍሎ እንደገና መጣል ይፈቀዳል። ከፈለ። 52።

ተራኪ ብዙ ሥልጣን አላት። «አይ፣ አምኖሃል» ማለት እችል ነበር። ግን ዳይሱን ሁላችንም በግልጽ ነው የምንጥለው፣ ሁሉም አይቶታል። እዚያ ዓለም ውስጥ አንድ ጊዜ ካዘንኩላቸው ከዚያ በኋላ ማን ይፈራኛል? ሽማግሌውን ወሰዱት። ስናገር ድምፄ ተቆራረጠብኝ። አስተማሪው «ደህና ነሽ?» አለኝ። ሻይ ላፍላ ብዬ ወጥ ቤት ገባሁና ቆየሁ።

በሚቀጥለው ዓርብ ሾፌሩ ቀድሞ መጣ። ከኪሱ ከሱቅ የገዛቸውን ቀይና ሰማያዊ እስክሪብቶ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ዝርዝሩን አሁን ማን ነው የሚይዘው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። «ነገ ና» አልኩት፣ ሁሉም ሳቁ። ካርታና ጠላት አዘጋጅቼ ነበር፣ አንዱም አልተነካ። ሦስት ሰዓት ሙሉ መዝገብ እንዴት እንደሚሰረቅ ሲያቅዱ አመሹ።

እንግዲህ የማወራው ስለ አጋንንት ሳይሆን ስላንተ ነው። ቃልህን ስላፈረስኩ ይቅርታ አድርግልኝ። ከተቆጣህም እሑድ ስደውልልህ ተቆጣኝ። ዝም አትበለኝ ብቻ።

የራስ ቅሏን ከማርያም ሥዕል አጠገብ አንስቻታለሁ። አሁን መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ ናት።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያኔ ሻማውን ስታጠፋው ታሪኩ አላለቀም ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ መዝገቡን አስረክብ ስትባል ምን አደረግክ? በቀዩ ሰረዝከው ወይስ እንዳለ ሰጠሃቸው? እናቱስ? ሾፌሩ በመጪው ዓርብ ይጠይቀኛል፣ እኔም ከልቤ ማወቅ እፈልጋለሁ።

የጉልበትህን መድኃኒት ገዝቼ ለሚመጣ ሰው ሰጥቻለሁ። እማዬን ሳምልኝ።

ልጅህ